አንድ እፍኝ ምራቂ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የአሜሪካ ቪዛ አግኝቼ ከሉማሜ በወጣሁበት ቀን እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። የምታየው ልብሱን አልነበረም፣ ዱቄቱን ነው። በአንድ ወገን በሶ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ለአራስ ሴቶች የምትሸጠው አብሽና ጥቁር አዝሙድ ተደባልቆ የተፈጨ። እናቴ አንችናሉ እኔ ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ሉማሜ ገበያ ዱቄት ትሸጣለች። እኔም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከጎኗ ነው ያደግሁት።

"እማዬ በቃኝ፣ ሻንጣው አይዘጋም" ብላት፣

"ይዘጋል፣ አንቺ ብቻ ቁጭ በይበት" አለችኝ። ተቀመጥኩበትና ተዘጋ።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ሲነፋ በመስኮት በኩል አንድ እፍኝ ቆሎ ጨምራ ቀሚሴ ላይ ደፋችልኝ። የእናቴ እጅ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ በጣሳ ትሰፍራለች፣ ጣሳውን ክምር ታደርገዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ምራቂ ብላ አንድ እፍኝ በላዩ ትጨምራለች። ገዢው ጠይቋት አይደለም። ሳይጠይቅ መስጠቱ ነው ቁም ነገሩ።

አሜሪካ ስገባ መጀመሪያ ያናገረኝ የጉምሩክ ባለሥልጣን የጠየቀኝ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ዱቄቱ ነው። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከሳሙናና ከዘይት ማሸጊያ ላይ እያነበብኩ ስለሆነ የቻልኩትን ያህል መለስኩለት። ጓንቱን አጥልቆ የአራሱን ዱቄት አነሳና፣

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ምግብ ነው።"

አሸተተው። "መድኃኒት ይመስላል።"

"ለወለደች ሴት ነው፣ ጉልበት ይሰጣል።"

"ኦ፣ ሰፕልመንት ነው።"

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም፣ ግን ሲለው ደስ ያለው ስለመሰለኝ "አዎ" አልኩ።

"ማን ሠራው?"

"እናቴ።"

"ከምን ከምን ነው? መጠኑስ?"

"እሱን እናቴ ታውቃለች።"

"ወረቀት የለውም?"

"እናቴ መጻፍ አትችልም።"

ሰውየው ከልቡ አዘነልኝ። ካዘነልኝ በኋላ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። በሶውን ግን አሳለፈልኝ። እኔ ደግሞ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ የቀረችውን ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ አሁን ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ወጣሁ።

የተቀበለችኝ በሰው በሰው ያገኘኋት የአማኑኤል ከተማ ልጅ ሰርካለም ናት። ከኔ አራት ዓመት ቀድማ መጥታ ዩታ የምትባል ግዛት ውስጥ ትኖራለች። አገሩ በተራራ የተከበበ ነው፣ ብርዱም የደብረ ማርቆስን ብርድ ያስመሰግናል። የኛ ብርድ ጋቢ ደርበሽ የምትታረቂው ነው፣ የዚህኛው ግን አጥንት ፈልጎ ይገባል። ጮቄን የመሰለ ተራራ ከመስኮቴ ይታየኛል፣ ግን አንድ ሰው ሲወጣው ሲወርደው አላይም። ያለ ሰው የቆመ ተራራ እስካሁን አልለመድኩም።

አከራያችን አንድ ቀን በሩን በኃይል አንኳኳ።

"እሳት ተነሥቷል እንዴ?"

"የለም፣ ሽሮ ነው" አለችው ሰርካለም።

"ሽሮ ምንድን ነው?"

"ሽምብራ።"

"ሽምብራ ለምን ያስለቅሰኛል?" አለ ዓይኑን እየጠረገ። ስለ በርበሬ ልታስረዳው ጀምራ ተወችው።

ሰርካለም የምትሠራበት ፋብሪካ ቪታሚንና እንደ ቪታሚን ያሉ የሚዋጡ ነገሮችን ይሠራል፣ ያ የጉምሩክ ሰውዬ 'ሰፕልመንት' ያለው ለካስ እንዲህ ያለውን ነው። እኔንም ለምና አስገባችኝ፣ ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ተሰጠኝ። ፋብሪካ ሲባል በዓይኔ የመጣው ወፍጮ ቤት ነበር። ስገባ ግን ጫማ ይለወጣል፣ ፀጉር ይሸፈናል፣ ቀለበት ይወልቃል፣ የሚጮኽ ሰው የለም። መቅደስ የምገባ መሰለኝ።

የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ዶና ናቸው። እዚህ አገር ሰው በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው፣ እንግሊዝኛውም አንቱ የለውም። እኔ ግን እናቴን የሚያክሉ ሴት "ዶና" ብዬ መጥራት ስላልሆነልኝ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ወፍራም ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ይህ መንግሥት ያወጣው ደንብ ነው። እኔንም አንቺንም እኩል ያዝዘናል" አሉኝ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ጆንያ ሲመጣ የላኪው ቃል ብቻ አይበቃም። "ዝንጅብል" ተብሎ ቢጻፍበትም ናሙና ተወስዶ ዝንጅብል መሆኑ ይመረመራል። የእያንዳንዱ መጠን አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጣል። አንዱ ሲመዝን ሌላው አይቶ ይፈርማል። የተሠራው ሁሉ ያኔውኑ ይጻፋል። ተሳስተሽ ከጻፍሽም አትፍቂም፣ በአንድ መስመር ሰርዘሽ ትክክሉን ከጎኑ ጽፈሽ ትፈርሚበታለሽ። ስሕተቱም ራሱ መነበብ አለበት። ይህን ስሰማ ዱቄቴን የጣለው ሰውዬ ትዝ አለኝና ይቅር አልኩት። ለካስ ክፋት አልነበረም፣ የእናቴ ሙያ የተጻፈበት ቦታ ስለሌለ ነው።

ሥራውን ወደድኩት። ሚዛን ክፍል አስገቡኝ፣ መቼም ከሚዛን ጋር ነው ያደግሁት። ያጠፋሁት ሁለተኛው ወር ላይ ነው።

የዚያን ቀን የሚደባለቀው ለነፍሰ ጡር ሴቶች የሚሆን ኪኒን ነበር፣ ብረት ያለበት። የብረቱን ዱቄት ከረጢት ውስጥ እየጨመርኩ መዘንኩ፣ ሚዛኑ ወረቀቱን አተመ፣ ሰርካለም አየች፣ ፈረመች፣ ወደሚቀጥለው ዞረች። እኔ የከረጢቱን አፍ ላስር ስል ወለል ብሎ ታየኝ። ልክ፣ ልክ ብቻ። ለነፍሰ ጡር ሴት እንዲህ ጥብቅ ብሎ ሲሰፈር ስስት መሰለኝ። እጄ በገዛ ፈቃዱ ጭልፋውን ነክሮ አንድ እፍኝ የሚሆን ጨመረበት። አሰርኩት። ከረጢቱም ሄዶ ትልቁ መደባለቂያ በርሜል ውስጥ ተገለበጠ። አላሰብኩበትም፣ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ዶና አዲሶቹን ሰብስበው ስለ ዕለቱ ኪኒን ሲያስረዱን፣ "ብረት እናቲቱን የሚጠቅማት በልኩ ሲሆን ነው። ሲበዛ ሰውነት ይጎዳል፣ ሕፃን አግኝቶ ቢውጠው ደግሞ ይብሳል። በደንቡ የጎደለም የበዛም እኩል ጥፋት ነው" አሉ። በሕይወቴ ማብዛት ጥፋት ነው ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰርካለምን ያዝኳት።

"ሰርኬ፣ ጉድ ሠርቻለሁ።"

"ምን አደረግሽ?"

"ብረቱ ላይ ምራቂ ጨመርኩ።"

ወዲያው ገባት። ለሌላ ሰው ማስረዳት ቀን ይፈጅብኝ ነበር።

"አንቺ ሴት፣ እዚህ ማን ደንበኛ አለሽና ነው ምራቂ የምትሰጪው? ስንት ነው?"

"እፍኝ ቢሆን ነው።"

"ዝም በይ። ማንም አላየሽም፣ የተረፈው ብረት ሲመዘንም በዚህች ልዩነት አይጠይቁም።"

"ሴትዮዋ ብትታመምስ? ልጇስ?"

"እኔ እኮ ፈርሜበታለሁ ትርንጎ። ከተናገርሽ የምንባረረው ሁለታችንም ነን። ቤቴ ያስቀመጥኩሽ ለዚህ ነው?"

ይህችኛዋ ቃል ወጋችኝ። እውነቷን ነው፣ የምተኛው እሷ ቤት ነው፣ የምበላው እሷ ባስገኘችልኝ ሥራ ነው። ግን እናቴ ዘንድ የአራስ ዱቄት የሚገዙት ሴቶች ፊት መጣብኝ። በስማቸው የማውቃቸው ናቸው። ኪኒኑን የምትውጠውን ሴት ስም ስላላወቅሁ ብቻ ልተዋት አልቻልኩም። ወደ ወይዘሮ ዶና ቢሮ ሄድኩ።

"ከሚዛኑ በኋላ ብረት ጨምሬያለሁ" አልኳቸው።

"ለምን?"

ምራቂን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። "ጊፍት" አልኩ።

"ስጦታ? ለማን?"

"ለምትገዛው ሴት።"

"ታውቂያታለሽ?"

"አላውቃትም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ስልኩን አንሥተው "በርሜሉን አቁሙት" አሉና አንድ ቅጽ ሰጡኝ። "እንደሆነው ጻፊው። አታሳምሪው።"

በሳሙና ማሸጊያ እንግሊዝኛዬ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፣ በአንድ መስመር ሰርዤ ፈረምኩባቸው። በርሜሉ ሙሉውን ተደፋ። የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር ተራዘመ፣ ሰርካለም ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሥራው ራሱም ተለወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛው ሰው የሚፈርመው ከረጢቱ ታስሮ ሲታሸግ ቆሞ ካየ በኋላ ነው። ያ መመሪያ ዛሬም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ስሜ የለበትም፣ ግን የኔ ነው።

ሰርካለም ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። በአንድ ምድጃ ሁለት ድስት ጣድን። ከዚያም በኋላ ወሬያችን ስለ ቆሻሻ መጣያ ቀንና ስለ አከራያችን ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ሉማሜ ራቀችኝ።

ከወራት በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሳይነግሩ መጡ። ደንቡ ይፈቅድላቸዋል። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጡ ውለው፣ የኔን ወረቀት አገኙና አስጠሩኝ። የጠየቀኝ ቀጠን ያለ፣ ፈገግታ የማያውቅ ሰውዬ ነው።

"ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስታደርጊ ያየሽ ሰው ነበር?"

"አልነበረም።"

"ታዲያ እንዴት ታወቀ?"

"እኔ አይቻለሁ" አልኩት።

ብዕሩን ቆም አደረገ። "ሃያ ዓመት መዝገብ ሳነብ 'ስጦታ' የሚል ምክንያት ተጽፎ አላየሁም" አለና ሰርካለምን አስጠራ። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከወጣባት በኋላ ሌላ ጥያቄ መቼም ለበጎ አይመጣም።

"ስትፈርሚ ከረጢቱ ታስሮ ነበር?" አላት።

ሰርካለም እኔን አላየችም። "አልታሰረም። ዞሬ ነበር" አለችው።

ጻፈ፣ አመሰገናት፣ አዲሱን መመሪያ አነበበና ገጹን ገለበጠ። አለቀ። ከሥራ ስንወጣ መኪናውን የምትነዳው እሷ ነበረች።

"ዛሬ ማን ነው የሚሠራው?" አለች ቤት ስንቃረብ።

"ምኑን?"

"ሽሮውን ነዋ። አንድ ድስት ይበቃናል።"

ዛሬ ሁለተኛ ሆኜ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል የወጣች የሉማሜ ልጅ ቆማ ካላየች አንድ ከረጢት አያልፍም። አዲስ ለምትመጡ ልጆች ይህን የምጽፈው እንድትፈሩ ብዬ አይደለም። ከቤት ይዘነው የመጣነው እጅ ጥሩ እጅ ነው፣ ግን የት ላይ እንደሚዘረጋ መማር አለበት።

ነገሩን ለእናቴ በስልክ ሳወራላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ለአንዲት እፍኝ በርሜል ሙሉ ደፉ?"

"ደፉት እማዬ።"

"አንቺው ነሽ የነገርሻቸው?"

"እኔው ነኝ።"

"ደግ አድርገሻል።" አለችና መልሳ፣ "ግን ሰው ያለ ምራቂ እንዴት ይሸኛል?"

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። "የአራሱ ዱቄትም እኮ እማዬ፣ አብሹ ሊበዛባት የሚችል ሴት ትኖራለች" አልኳት።

"እኔን ነው የምትመረምሪኝ?" አለችኝ። ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር። የስልኩ ሂሳብ አልቆ ይሁን እሷ ዘግታው አላውቅም፣ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ዱቄቷ ግን አንሥታ አታውቅም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኋት።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ሰርካለም አማኑኤል ቤተሰቧን ልታይ ሄዳ፣ መንገዷን ሉማሜ ላይ አቋርጣ ገበያ ወረደች። ተመልሳ እንደነገረችኝ፣ እናቴ አላወቀቻትም። ሰርካለም ራቅ ብላ ቆማ ስታያት፣ እናቴ ለአንዲት እመጫት የአራሱን ዱቄት በጣሳ ሰፈረች። ጣሳውን አልከመረችውም፣ አፉን በመዳፏ እስከ ልኩ ጠረገችውና ላስቲክ ውስጥ ገልብጣ አጥብቃ አሰረችው። ሴትየዋ ልትሄድ ስትል "ቆይ" አለቻትና ከሌላኛው ጆንያ አንድ እፍኝ በሶ ዘግና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችላት።