የእንጨቱ ቀሚስ

ያንን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል። በጃንሆይ ዘመን መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ነበረን። ጨርቁን ከጃፓን የሚልክልን ሰውዬ አዲስ አበባ ሲመጣ እኛ ሱቅ እየዋለ አማርኛ ለቃቅሞ ነበር። እኔና ባሌ አገሩ የሄድን ጊዜ ታዲያ አንድ ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ወሰደን።

በሩ ላይ ጫማችንን አወለቅን፤ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ስለሆነ አልከበደንም። እኔም ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፋሁ። ውስጡ ከእንጨት የተጠረቡ ምስሎች ቆመዋል። የአንዱ ቀሚስ እጥፋቱ ሳይቀር ሐር ይመስላል፤ የደበዘዘ ቀይ ቀለምም አለው።

ባሌ ጨርቅ አይቶ ሳይፈትን ማለፍ አይችልም። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት ጣቱን በምራቁ አርሶ ያሸዋል፤ መርካቶ ይህን የማያደርግ የጨርቅ ነጋዴ የለም። ግን እዚህ? እንጨት ላይ? «ተው!» ከማለቴ በፊት ጣቱን ላስ አድርጎ ቀሚሱን አሸው።

ጣቱ ቀላ።

«ይለቃል!» አለ ጮክ ብሎ፣ ልክ ሱቁ ውስጥ እንዳለ።

ሰውዬው ቃሉን ያውቀዋል፤ ሱቃችን ውስጥ ስለ ራሱ ጨርቅ ስንቴ ሰምቶታል! ያኔ ያደርግ እንደነበረው እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ ጎነበሰና፣ ለምስሉ ሳይሆን ለእኛ፣ «ይቅርታ» አለን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባሌ ግን ጣቱን በመሀረብ እየጠረገ የሰውዬውን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ግዴለም፣ ያጋጥማል» አለው።