ለእኔ የሚከፈተው ፎልደር

አቃቂ ባለው ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሁለት ነበርን። የሥራ ባልደረባዬ የተሻለ ቦታ አግኝቶ ሲሄድ ብቻዬን ቀረሁ። በዚያው ሰሞን ገላን ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ስለገባሁ ቤትም ሥራ ቦታም ብቻዬን ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የማወራው፣ ባብዛኛው፣ ወረቀት ነክሶ ስለቆመ ፕሪንተር ነበር።

የሠራተኞችን ማኅደር በኮምፒውተር የሚይዝ ፕሮግራም መጣና እንድጭነው ታዘዝኩ። ፋይሎቹን የፋብሪካው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ላይ ባለ የጋራ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ሐሳቤ በየቢሮው እየዞርኩ በኔትወርክ ልጭነው ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት መዝገብ ቤት ነው። እዚያ የሚሠሩት ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር የቀራቸው ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ወንበራቸውን ለቀቁልኝና ጥግ ተቀምጠው ማኅደሮቻቸውን ማስተካከል ቀጠሉ።

ፕሮግራሙ ግማሽ ድረስ ተጭኖ ቆመ። ፎልደሩን ለማንበብ ፈቃድ የለም ይላል። በእጄ ስከፍተው ግን ይከፈታል፤ ፋይሎቹም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ማሽኑን፣ የእትዬን ኮምፒውተር፣ አጥፍቼ አበራሁ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ሁሉ በሚፈቀድለት የአስተዳዳሪ ስም ገብቼ ሞከርኩ። ያው ነው። በማግስቱም ያው። የሄደው ባልደረባዬ ጋ ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውልልሻለሁ አለኝ። አልደወለም። ኃላፊዬ በበሩ ሲያልፍ እስካሁን አልጨረስሽም ወይ አለኝ፤ ምኑ እንዳስቸገረኝ ግን አልጠየቀም። ምሳዬን ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ውስጥ የማራገቢያውን ድምፅ እየሰማሁ በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የፎልደሩን የፈቃድ ዝርዝር ከፍቼ ስም በስም ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ዝርዝሩ ላይ ያለነው ሰዎች ብቻ ነን። መጫኑ አንዴ ከተጀመረ ግን ሥራውን ከእኔ የሚረከበው ማሽኑ ነው፣ ኔትወርኩ ላይ በተመዘገበበት በራሱ ስም። የማሽኑ ስም ደግሞ የለም። ለማሽኖቹ የማንበብ ፈቃድ ሰጥቼ መዝገብ ቤት ተመለስኩና ሞከርኩት። እስከ መጨረሻው ሄደ።

ለሰው መንገር አማረኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ሰርቪስ ሊነሳ ስለነበር ሁሉም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ይጣደፋል። ተመለስኩ። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁና፣

«ምን ሆኖ ነበር?» አሉኝ።

ተስተካከለ ብዬ ላልፍ ነበር። እሳቸው ግን ማኅደሩን ዘግተው ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መሃል ላይ አስቁመውኝ ማሽን የራሱ ስም አለው እንዴ ብለው ጠየቁ። ወረቀት ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። ስጨርስ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ይሄን ሁሉ ሦስት ቀን ብቻሽን ነው የያዝሽው?»

እንባዬ እንዳይታይ ወደ ስክሪኑ ዞሬ የተከፈተውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋሁ። እሳቸውም አልቸኮሉም። ሰርቪሱ ጥሎን ስለሄደ እስከ አስፋልቱ አብረን በእግራችን ወጣንና ተለያየን፤ እሳቸው ወደ ሳሪስ፣ እኔ ወደ ገላን።

ጡረታ ሲወጡ ሳሪስ አቦ ያለውን ቤታቸውን አመልክተውኝ እሁድ እሁድ ነይ አሉኝ። ሁለት እሁድ ሄድኩ። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ በሩን የከፈተችልኝ የማላውቃት ሴት ናት፤ እትዬ ክፍለ ሀገር ልጃቸው ጋ ሄደዋል አለችኝ። ስልካቸውን አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። አመስግኛት ወደ ታክሲ ተራው ወረድኩ።