ያልተለካው ጠዋት

ጠዋት ጠዋት ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ጓሮ የሚሰማው፣ ዝናብ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ አናቱ ሲነቀል የሚያወጣው ሲጥ የሚል ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ለኪ ይወጣሉ፤ ውሃውን በብርጭቆ ይለኩና መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ሚሊሜትር ከአፋቸው ስለማይጠፋ ጋሽ ሚሊ ብለናቸዋል። «ዛሬ ስንት ሚሊ ምሳ በሉ?» ስንላቸው፣ «ከናንተ ወሬ ያንሳል» ይሉን ነበር።

የሠላሳ ዓመቱን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የማስገባቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ቀኑ ሲመረጥ የዝናቡ መጠን ስክሪኑ ላይ ባለ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ብቅ ይላል፣ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ አስከትሎ። ኮራሁበት። መጀመሪያ የጠራሁትም እሳቸውን ነው።

መዝገባቸውን ገልጠው ከውስጡ አንድ ቀን መርጠው ነገሩኝ። ሳጥኑ 0.0 አለ።

«ተሳስቷል» አሉ። በመዝገቡ የዚያ ቀን መስመር ባዶ ነበር።

«ጋሼ፣ ባዶና ዜሮ ያው አይደል? ሳጥኑ ደግሞ ቁጥር ይፈልጋል።»

«ዜሮ ስጽፍ ወጥቼ፣ ቆርቆሮውን ከፍቼ፣ ጠብታ አጥቼ ነው። ያን ቀን አልወጣሁም።»

«አንዲት ቀን እኮ ናት። ማን ያየዋል ብለው ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ባለቤቴ ያረፈችው በዚያ ጠዋት ነው። እጇን ይዤ ነበር። ያንተ ሳጥን ግን ትተሃት ወጥተህ ቆርቆሮ ስታይ ነበር ይለኛል።»

ልጅ የላቸውም። ሁላችንም ወደየቤታችን ስንበተን፣ እሳቸው ያችን ንጹሕ ብርጭቆ ደግመው ደጋግመው ሲያጥቡ አያቸው ነበር፤ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ያልተጻፈውን ሁሉ ገና ሲነበብ ወደ ዜሮ እንዲለውጥ አዝዤው ነበር። ቁጥር ካለ አሳይ፣ ከሌለ ሳጥኑን እንዳለ ተወው የሚል ትእዛዝ አስገባሁ። የምሳ ሰዓት አለፈ። ተቀመጡ ብላቸውም ከኋላዬ እንደቆሙ ቀሩ።

ቀኑን መልሼ መረጥኩ። ሳጥኑ ነጭ ሆነ። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ቆይተውም አዩት።

«የማግስቱንስ ላውጣው?»

«አውጣው።»

እሱም ባዶ ነው፤ የቀብሩ ቀን። በሦስተኛው ቀን 6.2 አለ።

«ይህን ለክቻለሁ» አሉ። «ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ።»

መዝገቡን አጥፈው በብብታቸው ያዙ። ወንበሬን አዙሬ አንድ ነገር ልላቸው ስል፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ በሩን ከፍተው ወጡ።