አበባ አታምጡ

ሽማግሌው ዮሪት ሲሞቱ የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "አበባ አታምጡ። ለአበባ ያሰባችሁትን ቢዶኔ ውስጥ ጨምሩልኝ።"

ቢዶናቸውን በሆላንድ፣ በፍሪስላንድ ዳር ባለችው መንደራችን የማያውቅ የለም። ዮሪት ዕድሜያቸውን በሙሉ የወተት ቦቴ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ባለ ሁለት ጆሮ የድሮ የወተት ቢዶን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ያቆሙና፣ ሩቅ አገር ለሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ ይለምናሉ። ግን እንዴት ያለ ልመና መሰላችሁ! ያፏጫሉ፣ ይቀልዳሉ፣ የአሮጊቶቹን ባርኔጣ ያደንቃሉ። ዘመኑም ደግ ነበር። ቴሌቪዥን የዚያን ሩቅ አገር ድርቅ ያሳየ ሰሞን ሴቱ ኬክ ጋግሮ ሸጠ፤ ወጣቱ ቦዩ በረዶ ሲሆን እየተንሸራተተ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ቄሳችን እንኳ ጢማቸውን በጨረታ አስላጩ። የተላጨው አገጫቸው እንደ ሕፃን ጉልበት ነጭ ሆኖ ሲወጣ የሳቅነውን ሳቅ መቼም አልረሳውም።

ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ። መቼ እንደ ቀዘቀዘ ግን ማንም አያውቅም። መጀመሪያ አውቶቡሱ ቀረብን። ቀጥሎ የመንደሩ የአረጋውያን መኖሪያ ተዘጋ፤ የጌርቤን እናት ሌላ ከተማ ተወሰዱና ልጃቸው ሳይደርስላቸው እዚያው አረፉ። ጌርቤን የዮሪት የልብ ጓደኛ ናቸው። ከእናታቸው ቀብር ወዲህ ግን ቢዶኑን ሲያዩ ወደ መንገዱ ማዶ መሻገር ጀመሩ።

"ጌርቤን! ዛሬም ኪስህ ተሰፍቷል?" ብለው ተጣሩ ዮሪት አንድ ቅዳሜ።

"ዕድሜ ልክህን ስታስቆፍር ኖርክ፤ እስከ ዛሬ ውሃ አላገኙም?"

"የፊተኞቹማ ጠጡ። አሁን የኋለኞቹ ተራ ነው።"

"ግማሹን አለቆቹ ናቸው የሚጠጡት" አለ ዳቦ ጋጋሪው ከውስጥ።

ጌርቤን አልሳቁም። "እናቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ የሚያቀብላት ዘመድ ሳይኖር ነው የሞተችው። እዚሁ፣ በሀብታሟ ሆላንድ። አንተ ደግሞ እዚህ ቆመህ የማታውቀውን ሰው ታጠጣለህ።"

ዮሪት የዚያን ቀን ሳያፏጩ ቢዶናቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች ሳይነጋገሩ ቆዩ። ሳይነጋገሩም ዮሪት ታመሙና ሞቱ።

የቀብሩ ዕለት ሚስታቸው ማይከ ቢዶኑን በአመድ ፈትገው፣ አብርተው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆሙት። እኔ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ከጎናቸው አልተለየሁም። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሳጥኑ ፊታችን ነው። ደወሉ ተደውሎ አበቃ፤ ወንበሮቹ ግን ባዶ ናቸው።

ወጥቼ አየሁ። ግቢው በሰው ሞልቷል! መንደሩ ሁሉ ጥቁር ለብሶ፣ ሁሉም አበባ ታቅፎ፣ በብርዱ ቆሟል። አበባ ይዞ በዚያ ቢዶን አጠገብ ማን ይለፍ?

"አበባ አታምጡ አልተባለም እንዴ?" ትላለች አንዷ።

"አንቺስ የታቀፍሽው ምንድን ነው፣ ጎመን?"

"ጽጌረዳው እኮ ከዚያው ከነሱ አገር በአውሮፕላን የመጣ ነው" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "ገዛን ማለት ረዳን ማለት አይደል?" ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

ጌርቤን ከሬሳ ተሸካሚዎቹ ጋር ነበሩ፤ እጃቸው ላይ ነጭ አበባ አለ። "እኔ ዮሪትን ልቀብር ነው የመጣሁት" አሉ ለማንም ሳይሆን። "ለሌላው ነገር አልመጣሁም።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ለምንድን ነው የማይገቡት?" አሉኝ ማይከ።

ምን ልበላቸው? "ቢዶኑን አፍረው ነው፣ አክስት ማይከ።"

ሳጥኑን ትንሽ አዩት። ከዚያ ተነሡና ወደ በሩ ሄዱ። ቢዶኑን በሁለት ጆሮው ያዙ፣ ዘንበል አደረጉ፣ በታችኛው ጠርዙ እያሽከረከሩ መጥረጊያ የሚቀመጥበት የበሩ ጀርባ አስገቡት። ውስጡ ጥቂት ሳንቲም ተንኳኳ።

"ግቡ" አሉ። "ብርድ ነው።"

ገቡ። ሳጥኑ እስኪሸፈን ድረስ አበባ ተከመረበት። ጌርቤን የመጨረሻው ነበሩ። ነጩን አበባ አስቀመጡና ግንባራቸውን በእንጨቱ ላይ ደፍተው እንደ ልጅ አለቀሱ፤ ሁለት ሰው ነው ያነሣቸው።

ማታ ቤት ስንገባ የተረፈውን የስኳር ዳቦ ቆርጬ ሰጠኋቸው። አልበሉም።

"የለመነኝ ያችን አንዲት ነገር ነበር" አሉ።

"እርስዎ እኮ ሰው እንዲሰናበታቸው ብለው ነው።"

"አውቃለሁ። ሁሉም መጡለት፤ ሁሉም ይወዱት ነበር። እሱ የሚወደውን ግን ማንም አልወደደለትም። እኔም ዛሬ ቢዶኑን ከመጥረጊያ ጋር አቆምኩበት።"

ጠዋት ሲነጋ ማይከ መቃብሩ ላይ ጎንበስ ብለው በሌሊቱ ውርጭ የጠቆረውን ጽጌረዳ ይለቅሙ ነበር። አበባው ብዙ ስለነበር ለቅሞ ለመጨረስ ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሱ።