ከመሪው ሥር የሰቀልኳት ሽጉጥ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ሰዎች ሲያወሩ ዓመተ ምሕረቱን ከነወሩ ይጠራሉ፤ እኔ እንዲያ ያለ ጭንቅላት አልተሰጠኝም፣ ትምህርቴም ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም። የማውቀው ደርግ እንደነበረ፣ ያ ክፉው ግድያ ጋብ ማለቱን፣ ሰዓት እላፊው ግን ገና አለመነሣቱን፣ ቤንዚንም በኩፖን እንደነበረ ነው። ክረምት መሆኑንም አውቃለሁ፤ ከመኪናዬ የዝናብ መጥረጊያ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለነበር አንገቴን ወደ ግራ አዘንብዬ ነበር የምነዳው።

ያኔ ታክሲ ነጂ ነበርኩ። መኪናዬ ሰይቼንቶ የሚሏት ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት፤ ታቿ ሰማያዊ፣ ላይዋ ነጭ። ከኋላ ሦስት ሰው፣ ከጎኔ አንድ ሰው እጭናለሁ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ በብርድ ቀን የኋላ ተሳፋሪ ጀርባው እየሞቀው ይሄዳል፣ የፊተኛው ደግሞ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ይቀመጣል። ተራ የምንይዘው ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ፊት ለፊት ነበር። መኪናዋ የተገዛችው የሚስቴ የአንገት ወርቅ ተሸጦ ነው። ሚስቴ አንዳንዴ ስትገባባት፣ «ቀድሞ እኔ ነበርኩ አንገቴ ላይ የማስቀምጣት፤ አሁን እሷ ታስቀምጠኝ» እያለች ትቀልድ ነበር። ከዚያች መኪና ሌላ ቤታችን የሚበላበት ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከእኛ ተራ አንዱ ሾፌር ደህና የለበሱ ሁለት ሰዎች ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። ከኋላው የተቀመጠው ሰው ቀበቶውን ፈትቶ አንገቱ ላይ አገባበት። ነፍሱ ተርፋለች። መኪናዋ ስትገኝ ግን ጎማም ባትሪም አልነበራትም። ሰውዬው ወደ ተራው ሲመለስ አንገቱ ላይ ያለውን ሰንበር በፎጣ ሸፍኖት ነበር። እኔ ያን ሰንበር ካየሁ በኋላ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይሸሽ ጀመር።

ቤቴ አንዲት ሽጉጥ ነበረች፤ የአባቴ ናት። መሣሪያ አስረክቡ በተባለ ጊዜ ወስጄ አስረከብኳት፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ ፈቃድ ተጽፎላት ተመለሰችልኝ። ለምን እንደመለሱልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አልጠየቅሁምም፤ በዚያ ዘመን የሰጡህን ተቀብሎ መውጣት ነበር። ከሣጥን አወጣኋትና ወለወልኳት። ቀጥሎ የሚያስቸግረው የት ትቀመጥ የሚለው ነበር። ለዚህ ነገር የማምናቸውን ሁለት ሾፌሮች፣ ዝናቡ ሲወርድ መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ መስኮት ዘግቼ አማከርኳቸው። አንዱ ድሮ ወታደር የነበረ፣ ሆዱ የገፋ ሰው ነው። ሁለተኛው ተራውን ሁሉ የሚያስቅ ቀጭን የአራዳ ልጅ።

«ወገብህ ላይ ታጠቃት» አለ ወታደር የነበረው። «መሣሪያ ከገላህ ከተለየ የማንም ነው።»

«የምን ወገብ!» አለ ቀጭኑ። «ሰውዬው ያንተ ዓይነት ሆድ ያለው መሰለህ? ኮቱን ገልጦ፣ ሹራቡን ሰብስቦ፣ ሽጉጡን እስኪያገኝ ሌባው መኪናዋን ሸጦ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሣል።»

«እሺ የት ይሁን ታዲያ?»

«ከመሪው ሥር ይስቀላት። ከማርሹ እስከ እሷ አንድ ስንዝር ናት።»

«ጎማ የሚለጥፈውም፣ መኪና የሚያጥበውም ሊያያት? ፋራ!»

«ፋራስ አንተ! ተጨንቆ ለጠየቀህ ሰው ቀበቶ ትመክራለህ፤ ያኛውን ያነቁት በምን ሆነና?»

እኔ የወታደሩን ምክር አስቀደምኩ። ወገቤ ላይ አድርጌ ኮቴን ቆለፍኩባት። ሰይቼንቶ ጠባብ ናት፤ በዞርኩ ቁጥር እጀታዋ ጎድኔን ትወጋዋለች። እሱን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲመጣ ወርጄ፣ በር ከፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ ነበር የማስገባው፤ ያሳደጉኝ እንዲያ ነው። አንድ ጠዋት ጊዮርጊስ ደጃፍ፣ ቅዳሴ አስቀድሰው የወጡ አዛውንት ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጎንበስ ስል ኮቴ ተገለጠ። አዛውንቱ ወገቤን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ይባርክህ ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ እንኳ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል።»

በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ በእግራቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለትልቅ ሰው አልወርድም፣ ወገቤ እንዳይገለጥ እንደ ግንድ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። በሳምንቱ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ጠገበ» ማለት ጀመሩ።

ስለዚህ የቀጭኑን ምክር ያዝኩ። አንድ ጫማ ሰፊ ወዳጄ ከአሮጌ የወታደር ጫማ ቆዳ አፎት ሰፋልኝ፤ እኔው ራሴ ከመሪው በስተቀኝ፣ ከሥር በብሎን አሰርኩት፣ ቁራጭ ጨርቅም አንጠለጠልኩበት። ችግሩ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱ እዚያው ላይ ይሆናል። እሱንም ዘዴ አበጀሁለት፤ «የፊቱ ወንበር ተሰብሯል» እያልኩ ሦስት ሰው ብቻ ከኋላ መጫን ጀመርኩ። አሁን ጎንበስ ማለትም፣ በር መክፈትም ተመለሰልኝ። ልቤ ሞላ። ትከሻዬም ወደ ቦታው ወረደ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የሚስቴ እናት ከሰሜን አገር ሊጠይቁን መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትግርኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገሩ ሴት ናቸው። አማት መቼም አማት ነው፤ እሳቸው ባሉበት እግሬን አጥፌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የምቀመጠው። አንድ ቀን ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች የታመመች ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ተነሡ። እኔም የኋላውን ወንበር አመቻችቼ፣ «እናቴ፣ ከኋላ ይሞቃል» አልኩ።

ሚስቴ ከደጅ ሆና ጮኸች፤ «እናቴን ከኋላ ልትጭናት ነው? እንደ ከሰል?»

ምን ልበል? ሰው አማቱን ከፊት ነው የሚያስቀምጠው። በሩን ከፈትኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ እሳቸውም ገብተው ያን ረጅም ጉልበታቸውን አጠፉ።

ገና የጊዮርጊስን አጥር ሳናልፍ፣ «ልጄ፣ ጉልበቴን የሚወጋኝ ምንድን ነው?» አሉ።

«የመኪና ዕቃ ነው፣ እናቴ።»

እጃቸውን በጨርቁ ሥር ሰደዱ። ትንሽ ዳሰሱ። «አየህ» አሉ፣ «ባሌ ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ያለውን የመኪና ዕቃ ትራሱ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው። መኪና ግን አልነበረውም።»

የታነቀውን ሾፌር ነገር፣ የፈቃዱን ነገር እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። እጃቸውን እዚያው እንዳደረጉ፣ «አንተ መሪ ይዘሃል፣ ማርሽ ትቀይራለህ» አሉ። «እኔ ሥራ የለኝም፤ እጄም ካንተ ይልቅ ይቀርባታል። ታዲያ ይህች ሽጉጥ የማን ናት?»

«ወንበሩ ተሰብሯል እላለሁ» ልል አስቤ፣ እሳቸው የተቀመጡበትን አይቼ ተውኩት።

ከፒያሳ ቁልቁል ወርደን ቴዎድሮስ አደባባይ ልንደርስ ስንል ወታደሮች መንገዱን ዘግተው መኪና ይፈትሻሉ። ጠዋት አልነበሩም። ከፊቴ ሁለት መኪና ነበር፣ ከኋላዬ አውቶቡስ፤ መመለስ የለም። አንድ ወጣት ወታደር በእኔ በኩል መጣ፤ ጠመንጃው ደረቱ ላይ ነው። ሌላው፣ አለቃው ይመስለኛል፣ በአማቴ በኩል ቆመ።

«መታወቂያ! መሣሪያ አለ?»

የፈቃዱ ወረቀት ያለው አማቴ ፊት ለፊት ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ ልገላገል ብዬ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። እጄ ወደዚያ የሚሄደው በሽጉጧ ላይ አልፎ እንደሆነ ያሰብኩት ከዘረጋሁ በኋላ ነው። ጨርቁ ተንሸራተተ። ወጣቱ እጀታዋን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣ የጠመንጃው አፍ በመስኮቱ ገባ።

«እጅህን! እጅህን እላለሁ!»

እጄ ባለበት ደረቀ። ወደፊት ብል ሽጉጥ፣ ወደኋላ ብል የተንቀሳቀስኩ ይመስላል። ይኼኔ አማቴ የእጄን አንጓ ቀስ ብለው ያዙ። እንደ ዕቃ አነሡትና መሪው ላይ አስቀመጡት። በላዩ የራሳቸውን ሁለት እጆች ጫኑበት።

«ቆይ የኔ ልጅ» አሉት ወጣቱን። «ይሄ የልጄ ባል ነው። መሣሪያ አለው፣ ፈቃድም አለው። እሱም አይነካት፣ እኔም አልነካት። እጆቻችንን እያየሃቸው ነው፤ አራቱም እዚህ ናቸው። አንተ ጌታው፣ በእኔ በኩል ያለኸው፣ በሩን ክፈትና ራስህ አውጣት።»

አለቃው በሩን ከፈተ፣ ሽጉጧን አወጣ፣ ካዝናዋን ነቀለ። ከዚያ አማቴን ቀና ብሎ አያቸው። የአነጋገራቸውን ቅላፄ ሰምቷል፤ በዚያ ጊዜ የሰሜን ቅላፄ ብቻውን ያስጠረጥር ነበር።

«እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?»

«ከልጄ ቤት።»

«ከዚያስ በፊት?»

«ከእናቴ ማኅፀን። ወረቀቱን አንብብልኝ እንጂ የኔ ጌታ፣ ዝናቡ ጉልበቴ ላይ እየገባ ነው።»

ሰውዬው ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አቃተው። ወረቀቱን ካለበት አውጥቶ አነበበ፣ ቁጥሩን ከሽጉጧ ጋር አመሳከረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፎቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ለምንድን ነው እዚህ የሰቀልካት?»

«ለሌባ ነው፣ ጓድ።»

«ሌባው እዚህ የተቀመጠ እንደሆነስ?»

«ሙሽራ ሆኖ ገብቶ ይዟት ይሄዳላ!» አሉ አማቴ። «እኔም ከጊዮርጊስ ጀምሬ ይህንኑ እየነገርኩት ነው የመጣሁት።»

አለቃው ሽጉጧን ለብቻ፣ ካዝናዋን ለብቻ በጨርቁ ጠቅልሎ የፊቱን ኮፈን አስከፈተኝና ከትርፍ ጎማው አጠገብ አስቀመጠልኝ። «ቤት አድርሳት» አለኝ። «ይህ ልጅ ጣቱ ቢቸኩል ኖሮ ፈቃድህን የማነበው ላስከሬንህ ነበር።»

አማቴን ዘመዳቸው ቤት አድርሼ፣ ቀጥታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚያው ሰዓት ብሎኑን ፈታሁት፣ ሽጉጧንም ወደ ሣጥኗ መለስኳት። ወደ ወገቤም ልመልሳት አላልኩም። ታክሲ ነጂ ከጎኑና ከኋላው የማያውቀውን ሰው አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ለመሪ ሰጥቶ ነው የሚውለው። ወገቡ ላይ ቢያስራት ከሹራብ ሥር አያገኛትም፣ መኪናው ላይ ቢሰቅላት ከጎኑ የተቀመጠው ይቀድመዋል። ይህን ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሳላቅማማ እናገራለሁ።

የሌባው ቀበቶ ግን ገና ነበረ። ማታ ለአማቴ፣ «ታዲያ ሌባውን በምን ልከላከለው?» አልኳቸው።

«በእኛ አገር ሰው መንገድ ሲወጣ ከማን ጋር፣ ወዴት እንደሚሄድ ለጎረቤት ሳይናገር አይወጣም» አሉኝ። «እናንተ ግን ሰው ጭናችሁ ውልቅ ነው። እዚያ ተራችሁ ላይ ያ ሁሉ ዓይን አለ አይደል? የጫንከውን አሳያቸው።»

በማግሥቱ ለተራው ነገርኩ። ቀጭኑ ሾፌር መጀመሪያ ሳቀብኝ። «ሽጉጡን አማቱ ቀሙት፣ ምላስ አስታጠቁት!» አለ። ግን ከሁሉ ቀድሞ የተቀበለውም እሱ ነው። ሩቅ የሚሄድ ሾፌር የሚሄድበትን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የቆሙት ሾፌሮች መጥተው ተሳፋሪውን በመስኮት ሰላም ይላሉ። በቃ፣ ሥርዓቱ ይህ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ደርሶብኝ አየሁት። አመሻሽ ላይ፣ ሰዓት እላፊው ገና ሩቅ ሳለ፣ ሁለት ጎረምሶች መጡና ከከተማው ዳር የሚያልፍ ቦታ ጠሩልኝ። አንዱ ሊቀመጥ የፈለገው ልክ ከጀርባዬ ነው። ሞተር አስነሣሁና አንገቴን በመስኮቴ አውጥቼ የምሄድበትን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ወዲያው ሆዱ የገፋው በአንድ በኩል፣ ቀጭኑ በሌላ በኩል አንገታቸውን አስገቡ።

«ጤና ይስጥልን! የማን ልጆች ናችሁ? እዚያ እኮ አጎቴ አለ፣ ደህና መድረሳችሁን እጠይቀዋለሁ!» አለ ቀጭኑ።

አንገቱ የተሰነበረው ሾፌርም ከኋላቸው መጣ። ፎጣውን ገለጥ አድርጎ ሁለቱንም ትክ ብሎ አያቸው። ጎረምሶቹ ተያዩ። ዕቃ ረስተን ነው ብለው ወረዱ፤ ዕቃውን አምጥተው ግን አልተመለሱም። ሌቦች ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ እግዜር ያውቃል። እኔ ግን ቀጣዮቹን ተሳፋሪዎቼን አራት አድርጌ ጫንኩ፣ የፊቱም ወንበር ተጠግኗል አልኩ፤ ትከሻዬም ሳይሸሽ ነዳሁ። ከዚያ በኋላ ያችን መኪና ለብዙ ዓመት ነዳኋት። አንድ ቀንም መሣሪያ አልያዝኩባትም፣ አንድ ቀንም አልተነካሁባትም።

ሰው ያን ጊዜ እንዴት አለፍከው ሲለኝ፣ አለፍኩት አልልም፤ አሻገሩኝ ነው የምለው። ያሻገሩኝም አማቴ ናቸው፣ የሚስቴ እናት።