ጓንት የጠየቁት አጣቢዎች

በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችውን ሴት ሁሉም «ማይኳ» ይሏታል። ማሽኖቹ እየጮኹ እንኳ ስትጣራ ድምጿ ሁለት በር አልፎ ይሰማል። «እኔ ሐሜት አልችልበትም፤ ስንሾካሾክ ራሱ የታማው ሰው አቤት ይላል» እያለች ታስቃቸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን የሚስቅ ጠፋ። ከቀዶ ሕክምና በወረደ አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ የክፍሉን ታላቅ፣ እትዬን፣ ስሱን ጓንት አልፎ መዳፋቸውን ወጋቸው። ሐኪሙ መድኃኒት አስጀምሮ ለደም ምርመራው ውጤት ሦስት ወር ይጠብቁ አላቸው። እትዬ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጠው አዩት።

በዓመቱ ሦስተኛው የመርፌ አደጋ ነበር። አጣቢዎቹ ደብዳቤ ጻፉ፦ ወፍራም ጓንት፣ በየክፍሉ የመርፌ መጣያ፣ ደግሞም አስተዳደሩ እነሱ ከመረጧቸው ሦስት ተወካዮች ጋር ተቀምጦ እንዲደራደር። አሥራ ስምንቱም አጣቢዎች ፈረሙ። ሥራ ቢያቆሙ ዱላው የሚያርፈው በሽተኛው ላይ ነውና አላቆሙም፤ ግን አንሶላውን በእጅ ማራገፍ ትተው በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ፤ ሥራውም ተጓተተ።

በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ከተወካዮቹ አንዷን፣ ማይኳን፣ ለብቻዋ አስጠራት። ሌሎቹ ሁለቱ ተወካዮች ኮሪደር ላይ ቀሩ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ያመለክታል እንጂ አይደራደርም» አላት። «ይሄ ፋብሪካ መሰለሽ?»

«ሦስቴ አመለከትን። ሦስቴም ማመልከቻው ጠፋ።»

ድምፁን አለዘበ። «ስሚኝ እህቴ፣ ካርድ ክፍል ወንበር ተለቋል። ወገብሽም ያርፋል። ፊርማሽን ብቻ አንሺ።»

ማይኳን ወገቧን ማመም ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። ወንበሩ ዓይኗ ላይ መጣ።

«የመረጡኝ ለሁሉም እንድናገር ነው» አለች፤ ያ ጉደኛ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ጓደኞቼ ይግቡ።»

«ባላስገባስ?»

ያኔ በሩ ተከፈተና የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ዋና ነርስ ገባች። «ለከሰዓቱ ታካሚ አንሶላ የለኝም» አለች። «መርፌውን የምንረሳው እኛ ነን። እኔም ድርድሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ዛሬውኑ ይለቅ።»

ሁለቱ ተወካዮችም ገብተው ሦስት ሰዓት ተከራከሩ። ጓንቱና መጣያው ተፈቀደ። ሥራ አስኪያጁ ቃለ ጉባኤው ላይ «ጠያቂዎች» ብሎ አስጻፋቸው። ማይኳ ለፊርማ የሰጣትን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «ተወካዮች ነን።» ሥራ አስኪያጁ ቃሉን በእጁ ሰርዞ አስተካከለ።

ከሦስት ወር በኋላ የእትዬ ውጤት ነፃ ሆኖ መጣ። በዚያው ሳምንት ማይኳ ምክንያት ያልተጻፈበት የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ ከከተማው ዳር ወዳለ ጤና ጣቢያ። አጣቢዎቹ በእሷ ቦታ ሌላ ተወካይ መርጠው እስከ በር ሸኟት።

በአዲሱ ቦታ አራት አጣቢዎች አገኘች። «እናንተንስ መርፌ ወግቷችሁ ያውቃል?» ስትል ጠየቀች። መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ አንዷ ተነሥታ ዘጋችውና የተወጋችበትን ልታሳይ እጅጌዋን ሰበሰበች።