አጥንት ያጎረስናቸው ችግኞች

እውነቱን ልናገር፤ ለዛፍ ብዬ አልሄድኩም። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ዛፍ ገና አልበቀለም። የሄድኩት ለንብረት ክፍሉ ሰውዬ ብዬ ነው።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል ነው፤ ክረምት። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ችግኝ ይተክላል። ትምህርት ቤቱ፣ ቀበሌው፣ ዕድሩ ሳይቀር ዶማ ይዞ ይወጣል። የእኛም መሥሪያ ቤት ተራው ደረሰና ከሐረር ከተማ ዳር፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ሥር ለተፈጥሮ መናፈሻ በተከለለው ቦታ ሁለት ቅዳሜ በፈቃደኝነት እንድንተክል ተባለ። በፈቃደኝነት ሲባል መቼም ታውቃላችሁ። ኃላፊያችን በየቢሮው እየዞሩ፣ ፊት ፊታችንን እያዩ "ፈቃደኛ ያልሆነ አለ?" ብለው ጠየቁ። አልነበረም።

እኔ የኃላፊው ጸሐፊ ነበርኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ ቢሮው ከእኔ ቢሮ ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላችን ኮሪደር ብቻ። እዚያ ኮሪደር ላይ ዓመታት ሙሉ ስንሰዳደብ ኖረናል። ስድብ ስል የፍቅር ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ከመጣሁ "መጋረጃው የቢሮ ነው የቤት?" ይለኛል። እኔም አልምረውም፤ "አናትህ ላይ ለቀረችው ፀጉር ማበጠሪያ ገዛህላት ወይ?" እለዋለሁ። ከደመወዙ ይልቅ ጠዋት ጠዋት ቢሮ የሚያመጣኝ የእሱ ተረብ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ግን ያ ሰው ጠፋ። ባለቤቱ አቦከር ሰፈር አስተማሪ ነበረች። በዓል በመጣ ቁጥር፣ የእኛም ይሁን የሙስሊሞቹ፣ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ቤቷ ጠርታ የምታበላ ሴት ናት፤ የማይወዳት አልነበረም። ታመመች፣ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ቀበርናት፣ ለቅሶ ተቀመጥን፣ እሱም ሥራ ገባ። ገባ ስል አካሉ ገባ ማለቴ ነው። ዕቃ ስጥ ሲሉት ይሰጣል፣ "እዚህ ጋ ፈርሙ" ይላል፣ ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሙት ዓመቷ ሊደርስ ነው፣ እሱ እንዲሁ ነው።

እኛም ተመካከርን። ሐዘኑ እንዳይቀሰቀስበት ስለ እሷ አንድም ቃል እሱ ፊት እንዳይነሳ ተስማማን። ስለ ሚስት ወሬ ከተጀመረ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ስለ ዝናቡ ያወራል። ሹፌራችን ሊያገባ ሲል የሠርጉን መጥሪያ ካርድ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ነው የሰጠው። ደግ ለመሆን ስንፍጨረጨር ያየን ሰው ይስቅብን ነበር።

ስለዚህ የችግኙ ነገር ሲመጣ ለእኔ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ሰውዬውን ከዚያ ጨለማ መጋዘን አውጥቼ ነፋስ እንዲነካው፣ ከሰው ጋር እንዲያልበው ፈለግሁ። ጓደኛዬን መልሼ ማግኘት ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

"ትመጣለህ አይደል?" አልኩት በሩ ላይ ቆሜ።

"ዶማውን የማወጣው እኔ ነኝ። ብቀር በጥፍራችሁ ልትቆፍሩ ነው?" አለ። ድሮ ቢሆን ይህን ብሎ ይስቅ ነበር። አልሳቀም።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊው ቢሮ ተሰበሰብን። ቦታው ድንጋያማ ነው፣ አፈሩ ደካማ ነው፣ ከእኛ በፊት የተከሉት ብዙ ደርቆባቸዋል፣ ምን ይሻላል ተባለ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ እጁን አወጣ።

"ከቄራ የተፈጨ አጥንትና የደረቀ ደም አምጥተን ጉድጓዱ ውስጥ ብንጨምር ችግኙ ቶሎ ይይዛል" አለ። "አባቴ ግቢያችን ውስጥ ላለችው ብርቱካን እንደዚያ ያደርግላት ነበር።"

ሁላችንም ዞረን አየነው። በአጥንቱ አይደለም። ዓመት ሊሞላው፣ ይህን ያህል ረጅም ነገር ከአፉ ሲወጣ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። "በጣም ግሩም ሐሳብ ነው" አሉ። ሹፌሩ "አቦ አሪፍ ነው፣ እኔ በመኪና አመጣዋለሁ" አለ። እኔ ደግሞ በአእምሮዬ አንዲት ነገር ብልጭ አለችና ምላሴ ጫፍ ላይ ስትደርስ ዋጥኳት። ሰውዬው ስንት ጊዜ ዝም ብሎ ከርሞ ዛሬ አፉን ቢከፍት እኔ ነኝ ተነሥቼ የማፈርስበት? አላደርገውም። እንዲያውም አጨበጨብኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደስ የሚል ቀን ነበር። ፈረስ መጋላ ተገናኝተን ፉል በላንና በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ተጫንን። የአጥንቱ ጆንያዎች ከእኛ ጋር ከኋላ ናቸው፤ ሽታቸው እንዳያስመልሰን ሻሽና ጋቢያችንን አፍንጫችን ላይ ጠምጥመን ነው የሄድነው። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ፣ ጀጎል ተወልደው ያረጁ ሽማግሌ፣ አንዱን ጆንያ ጠጋ ብለው አሸተቱና "ሱብሐነላህ" ብለው ዝም አሉ።

ደርሰን መቆፈር ጀመርን። ኃላፊው የስብሰባ ጫማቸውን አድርገው መጥተው ጭቃው አንዱን ጫማ አስቀረባቸው፤ በካልሲ ቆመው ትእዛዝ ሲሰጡ ማየት ነበር። እኔ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሬ ወገቤን ይዤ ተቀመጥኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ግን በጣሳ አጥንት እየቀዳ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዞራል፤ ለድግስ ወጥ የሚያወጣ ነው የሚመስለው። እኔ ጋ ሲደርስ "ተነሺ እንጂ፣ ለመቀመጥ ነው የመጣሽው?" አለኝ። መቆጣቱ ነው። በሕይወቴ ሰው ሲቆጣኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለማንኛውም ከሰባት ሰዓት በኋላ ሐረር ውስጥ ሰውን ከጫቱ ለይቶ ማሠራት ስለማይሞከር፣ ከዚያ በፊት የመጣውን ችግኝ ሁሉ ተክለን ተመለስን።

በሳምንቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ኮሪደሩን አቋርጦ መጣ። "ሌሊት ጥሩ ዘንቧል፤ ለችግኞቹ መልካም ነው" አለና ተመለሰ። ለኃላፊው ሮጬ ነገርኳቸው። "ይኸው፣ ሰውዬው እየተመለሰ ነው" ተባባልን።

በሁለተኛው ቅዳሜ አዲስ ችግኝ ጭነን ደረስን። ከመኪናው የወረድነው እየተሳሳቅን ነበር። ከዚያ ሁላችንም ባለንበት ቀረን።

አንድም ችግኝ አልቆመም። ሁሉም ተነቅሎ እዚህና እዚያ ተበትኗል። ጉድጓዶቻችን ደግሞ ተቆፍረው ሰፍተዋል፤ እኛ በዶማ ከቆፈርነው ይልቅ ሳምንቱን የቆፈሩት በጣም አሳምረው ቆፍረውታል። ጭቃው ላይ ዱካ በዱካ ነው። ዘበኛው ጎንበስ ብለው አዩና በሐረር አፍ ቀስ ብለው "ወራባ" አሉ፤ ጅብ ማለታቸው ነው።

የሐረር ሰዎች ነን እኮ። ማታ ማታ ጅብ በደጃችን የሚያልፍ፣ ሥጋ እያጎረሱት የሚያድር ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ ጆንያ ሙሉ አጥንትና ደም ጋራ ሥር ቀብረንለት ሄድን።

ለዛፉ አላዘንኩም። ሰውዬውን ነው የፈራሁት። ያቺ ያመነጫት አንዲት ሐሳብ እንዲህ ሆና ሲያያት ተመልሶ መጋዘኑ ውስጥ ይገባና በሩን ይዘጋል፤ አለቀ፣ ከእንግዲህ አይወጣም አልኩ። ሁሉም እንደእኔ ሳይፈራ አልቀረም፤ መዋሸት ጀመርን። ሹፌሩ "ጎርፍ ነው፣ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ነበር" አለ። ኃላፊው "ጃርትም ሊሆን ይችላል" አሉ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ቢጠፋኝ "ፍየል ናት" አልኩ።

ሰውዬው ዱካው አጠገብ ቁጢጥ አለ። መዳፉን ዘርግቶ ለካው።

"ይቺ ፍየል ናት?" አለኝ።

"ትልቅ ፍየል" አልኩ።

ቀና ብሎ ሁላችንንም አየን። "ስብሰባው ላይ ስናገር አንዳችሁም ጅብ አላሰባችሁም?"

እርስ በርስ ተያየን። በመጨረሻ ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወላሂ ልጄ፣ እኔስ ጆንያውን ሳሸት ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ደስ ብሎህ አየሁህ። እንዴት አድርጌ ልንገርህ?"

"እኔም አስቤ ነበር" አለ ሹፌሩ።

"እኔም" አሉ ኃላፊው፣ መሬት መሬት እያዩ።

ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ?"

"እኔ ገና አጥንት ስትል" አልኩ።

ጭቃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብዬ ደንግጬ ተጠጋሁት። እየሳቀ ነው። ያ እንደ አሮጌ ፔጆ አልነሣም አልነሣም ብሎ በኋላ የሚያንደቀድቀው ሳቁ። እኛም ተያያዝነው፤ ኃላፊው ሆዳቸውን ይዘው መኪናው ላይ ተደገፉ።

እሱ እንባውን እየጠረገ "እሷ ብትኖር ገና የመጀመሪያዋን ቃል ሳልጨርስ ነበር የምታስቆመኝ" አለ። "አንተ ሰውዬ ጅብ የሚባል ነገር ሰምተህ አታውቅም? ትለኝ ነበር።"

ሳቃችን ቀጥ አለ። አንዱ ማሳል ጀመረ።

"አታስል" አለው። "እሷ ከሞተች ወዲህ ሳጠፋ የሚቆጣኝ ሰው የለኝም። ሁላችሁም እንደ እንቁላል ነው የምትይዙኝ። እሱስ ይሁን። ግን ሰው እንዴት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ስሟን አይጠራልኝም? ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው የምጠራት። አንዳንዴማ በሕልሜ ይሆን ያገባኋት እላለሁ።"

ያን ቀን እንዳፈርኩት አፍሬ አላውቅም። ያንን ሁሉ ጊዜ እንዳይነሳበት የተጠነቀቅንለት ነገር ነው ለካ የራበው። እንባዬ መጣ፤ ግን ያንን ትቼ ስሟን ጠራሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ከነማዕረጓ፣ ተማሪዎቿ እንደሚጠሯት አድርጌ። "እሷማ ብትኖር" አልኩ፣ "ጅቦቹንም አሰልፋ ትቆጣቸው ነበር።"

ወደ እኔ ጠጋ አለ። "እስቲ ድገሚው" አለ።

"ጅቦቹንም አሰልፋ..."

"እሱን አይደለም። ስሟን።"

ደገምኩለት። ዘበኛው "አላህ ይርሐማት" አሉና የልጅ ልጃቸውን ከኳስ ሜዳ ጆሮውን ይዛ ወደ ክፍል ያስገባችበትን ቀን ያወሩ ጀመር። ኃላፊው ቤቷ ሄደው ጠገብኩ ቢሏት ሰሃኑን አልቀበል ያለቻቸውን፣ ሹፌሩ እንዴት ፊደል እንዳስቆጠረችው አመጡ። ጉድጓዶቹን በባዶ አፈር ሞልተን አዲሶቹን ችግኞች ስንተክል ሁላችንም ስለ እሷ በአንድ ጊዜ እናወራ ነበር። እሱ ዶማውን ይዞ መሃላችን ቆሞ፣ ስንሳሳት "አይደለም፣ እንደዚያ አላለችም" እያለ ያርመን ነበር።